ከወታደር ቤት ወደ ንግድ ቤት፤ የኮምፒዩተር ባለሙያ የሥራ ታሪኩን እንዴት ይጻፍ?

የሰው ሙያ በሥራው ይታወቃል፤ ነገር ግን ሥራውን ገና ያላየ ቀጣሪ አስቀድሞ የሚያየው ወረቀቱን ነው። ወረቀቱ ያልተናገረለት ሰው፣ የቱን ያህል ዐዋቂ ቢሆን፣ ከደጅ ይመለሳል። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለችሎት አደባባይ ይሁን እንጂ፣ ለሥራ ፈላጊና ለቀጣሪም የሚሠራ ቃል ነው። ዛሬ የሚቀርበው ትምህርት፣ በውትድርና ዘመኑ የኮምፒዩተርና የመገናኛ ሥራ ሲሠራ የቆየ ሰው ወደ ንግድ ቤት በሚመጣበት ጊዜ የሥራ ታሪኩን፣ ማለት ብዙ ሰው በዛሬ አነጋገር ሲቪ የሚለውን ወረቀት፣ እንዴት አድርጎ መጻፍ እንደሚገባው፣ ነጋዴውም በበኩሉ ይህን ወረቀት እንዴት ቢያነበው እንደሚጠቀም የሚያስረዳ ነው።

ጉዳዩ ጦር ሠራዊት ባለበት አገር ሁሉ የሚያጋጥም ቢሆንም ምሳሌው የተወሰደው ከአሜሪካ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ ከሠራዊት የሚሰናበተውን ሰው ወደ ሲቪል ኑሮ የመመለስ ነገር በዚያ አገር በ1944 ዓ.ም. (ይህና ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በወጣው ሕግ ለትምህርት፣ ለቤት መግዣና ለንግድ መነሻ የሚሆን ድጋፍ ያገኘ ነው። የነጋዴዎች ማኅበር ራሱም ገብቶበታል፤ የአሜሪካ ንግድ ምክር ቤት በማርች ወር 2011 ተሰናባች ወታደሮችንና የትዳር ጓደኞቻቸውን ከቀጣሪዎች ጋር የሚያገናኝ፣ «ሃየሪንግ አወር ሂሮስ» የተባለ ሥራ ጀምሯል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ጦር ዋና መሥሪያ ቤት ፔንታጎን በሚገኝበት በቨርጂኒያና በአጎራባቹ በሜሪላንድ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ይኖራሉ፤ ከኢትዮጵያውያንም መካከል በአሜሪካ ጦር ውስጥ ያገለገሉ አሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ወረቀት አንድ ቀን ከአገር ልጅ ጠረጴዛ ላይ መድረሱ አይቀርም።

የማይነበብ ወረቀት

ለምሳሌ ያህል እንዲህ ይታሰብ። በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ቡናና ቅመማ ቅመም የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ አለ። ሁለት መደብርና አንድ መጋዘን፣ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ኮምፒዩተር አለው። የዕቃው ቈጠራ፣ የዱቤው መዝገብና የጉምሩኩ ሰነድ ሁሉ የሚቀመጠው በአንድ ሰርቨር ላይ ነው። አንድ ሰኞ ጧት አንዲት ሠራተኛ የዕቃ መላኪያ ሰነድ የመሰላትን የኢሜይል አባሪ ስትከፍት፣ ተንኰለኛ ፕሮግራም ገብቶ መዝገቡን ሁሉ ቈለፈና የማስለቀቂያ ገንዘብ ጠየቀ። የመዝገቡ ቅጂ ይቀመጥ የነበረው ከዚያው ሰርቨር ጋር ተያይዞ በሚውል ዕቃ ላይ ስለ ነበር ቅጂውም አብሮ ተቈለፈ። ስድስት ቀን ሙሉ በካርኒ እየተጻፈ ተሸጠ፤ ማን ስንት ዱቤ እንዳለበት የሚያውቅም ጠፋ።

ነጋዴው ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሮቹን የሚጠብቅ ሰው ለመቅጠር ማስታወቂያ አወጣ። ሠላሳ ማመልከቻ ደረሰ። ጸሓፊው እያነበበ የሚጠራውን በቀኝ፣ የማይጠራውን በግራ ከመረ። በግራ ከተከመሩት አንዱ፣ በአሜሪካ ምድር ጦር ስምንት ዓመት ያገለገለ የአንድ ኢትዮጵያዊ ሃምሳ አለቃ ወረቀት ነበር። ቃሉም እንዲህ ይላል፦

«25 ቢ 20፤ ኢ-5። የሻለቃው ኤስ-6 ምድብ የበታች ሹም። የኒፐርንና የሲፐርን መስመር ተቈጣጥሬአለሁ። ለተልእኮ ዝግጁነት የተሟላ ድጋፍ ሰጥቻለሁ። በኃላፊነቴ ሥር የነበረውን ንብረት ያለ ጉድለት አስረክቤአለሁ።»

ጸሓፊው በዚህ ወረቀት ላይ ሐሰት አላገኘበትም፤ የሚገባው ነገርም አላገኘበትም። ሃምሳ አለቃው ግን ከአምስት መቶ በላይ ሰዎች የሚሠሩበትን መዝገብ ቅጂ በየሌሊቱ ሲያስቀምጥ፣ ቅጂውንም በየወሩ መልሶ እየከፈተ ሲፈትን የኖረ ሰው ነበር። ነጋዴው በስድስት ቀን ኪሳራ ተምሮ የፈለገው ሙያ ይኸው ነው። ወረቀቱ ግን ይህን አልተናገረም። ነጋዴው ሌላ ሰው ቀጠረ፤ ሃምሳ አለቃውም ልጆቹን ለማሳደር ሌሊት ሌሊት ታክሲ መንዳት ጀመረ። የሁለቱንም ጥቅም ያስቀረው አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የወረቀቱ ፍች

የሃምሳ አለቃው ወረቀት በወታደር ቤት ላለ ሰው ግልጽ ነው። «25 ቢ» ማለት በአሜሪካ ምድር ጦር የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ የሚታወቅበት የሙያ ምልክት ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ያለው 20 በሃምሳ አለቃ ደረጃ የሚጠበቀውን የሙያ ዕርከን ያመለክታል። «ኢ-5» የደመወዝ ዕርከን ነው። «ኤስ-6» በሻለቃ ጠቅላይ ሠፈር ውስጥ የመገናኛና የኮምፒዩተር ጉዳይ የሚመራበት ክፍል ነው። «ኒፐር» ምሥጢር ያልሆነው ጉዳይ የሚተላለፍበት፣ «ሲፐር» ደግሞ በምሥጢር የተያዘው የሚተላለፍበት የኮምፒዩተር መረብ ነው።

ስለዚህ ጥፋቱ የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የቋንቋ አለመገናኘት ነው። ወታደር ቤት የሰውን ዋጋ በማዕረግ፣ በምድብና በተልእኮ ይለካል፤ አንባቢውም አለቃው ስለሆነ ምልክቱ ብቻ ይበቃዋል። ነጋዴ ግን የሚገዛው የተሠራ ሥራን ነው፤ ዕቃ ሲገዛ ስንት ኪሎ፣ ምን ደረጃ፣ በስንት ቀን ይደርሳል እንደሚል፣ ሰው ሲቀጥርም ምን ተጠበቀ፣ ምን ተጠገነ፣ ስንት ሰው ተገለገለ ብሎ ይጠይቃል። የሥራ ታሪክን ማሻሻል ማለት የመጀመሪያውን ቋንቋ ወደ ሁለተኛው መመለስ ነው እንጂ የሌለ ነገር መጨመር አይደለም።

1ኛ፤ ማዕረግን ወደ ሥራ መመለስ

ማዕረግ የክብር ስም ነው፤ በወረቀቱ ላይ መቅረት የለበትም። ነገር ግን ማዕረግ ብቻውን ለነጋዴ ምንም አይነግረውም፤ እንዲያውም ሊያሳስተው ይችላል። በአማርኛ ሃምሳ አለቃ የተባለ ሁሉ ሃምሳ ሰው አላዘዘም፤ ሻለቃ የተባለም ሁሉ ሺህ ሰው በሥሩ አልነበረም። የማዕረጉ ስም ከጥንት የመጣ ሲሆን የሥራው ልክ ግን እንደ ምድቡ ይለያያል። ስለሆነም አመልካቹ ከማዕረጉ ቀጥሎ እውነተኛውን ቍጥር ይጻፍ፤ ይኸውም በሥሩ የነበሩት አምስት ባለሙያዎች እንደ ሆኑ አምስት ይበል። አምስት ሰው በሚገባ አሠልጥኖ፣ ተራ አውጥቶና ሥራ ተቈጣጥሮ ማሠራት ለዐሥራ ሁለት ኮምፒዩተር ባለቤት በቂ ምስክር ነው።

የሥራው መጠሪያም እንዲሁ ይመለስ። «የኤስ-6 የበታች ሹም» በሚለው ፈንታ «የኮምፒዩተር አገልግሎት ክፍል ተቈጣጣሪ» ቢባል ሥራውን ሳያጋንን ለሁሉ ይገባል። የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚያስተዳድረው «ኦኔት» በተባለው የሥራ ዓይነቶች ማውጫ ውስጥ የወታደር ሙያ ምልክትን ከሲቪል የሥራ መጠሪያ ጋር የሚያዛምድ ክፍል ስላለ፣ አመልካቹ ትክክለኛውን ስም ከዚያ ሊያገኝ ይችላል።

2ኛ፤ ሥራን በልክ መጻፍ

መልካም የሥራ ታሪክ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይይዛል፤ ምን በአደራ ተሰጠ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ውጤት ተገኘ። የሃምሳ አለቃው ወረቀት በዚህ ዓይነት ቢታረም እንዲህ ይሆናል።

«ለተልእኮ ዝግጁነት የተሟላ ድጋፍ ሰጥቻለሁ» የሚለው ቀርቶ፣ «ከ500 በላይ ለሆኑ ተጠቃሚዎች የብልሽት ጥሪ እንቀበል ነበር፤ በቀን በአማካይ 15 ጥሪ ሲደርሰን አብዛኛውን በዚያው ቀን እንጨርስ ነበር» ይባላል።

«ንብረት ያለ ጉድለት አስረክቤአለሁ» የሚለው ቀርቶ፣ «240 ኮምፒዩተሮች፣ ማተሚያዎችና የመገናኛ መሣሪያዎች በመለያ ቍጥራቸው መዝግቤ ይዣለሁ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ በተደረጉት ቈጠራዎች ሁሉ አንድም አልጐደለም» ይባላል። ሌባና ጉድለት የሚፈራ ባለ መጋዘን ይህን ሲያነብ ወረቀቱን በግራ አያኖረውም።

«የኒፐርን መስመር ተቈጣጥሬአለሁ» የሚለው ቀርቶ፣ «ለአዲስ ሠራተኛ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል እሰጣለሁ፤ የለቀቀውን በዚያው ቀን እዘጋለሁ፤ የፕሮግራም ማሻሻያ በየወሩ አስገባለሁ» ይባላል።

ፈጽሞ ያልተጻፈው ደግሞ ይጨመራል፤ «የመዝገብ ቅጂ በየሌሊቱ አስቀምጣለሁ፤ በየወሩም አንድ ቅጂ መልሼ በመክፈት እፈትናለሁ።» ይህች አንዲት መስመር ከሌሎቹ ሁሉ ትበልጥ ነበር፤ ምክንያቱም ያልተፈተነ ቅጂ እንደሌለ ይቈጠራል። በሙያው የታወቀውም ደንብ መዝገብ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ እንዲኖርና አንዱ ቅጂ ከሥራው ቦታ ውጭ እንዲቀመጥ ያዛል። የአሌክሳንድሪያው ነጋዴ የከሰረው ይህን ደንብ የሚያውቅ ሰው በቤቱ ስላልነበረ ነው።

ቍጥሩን በትክክል የማያስታውስ ሰው «ከ500 በላይ» ወይም «በአማካይ» ብሎ ቢጽፍ አያስነቅፈውም። ልብ ወለድ ቍጥር መጻፍ ግን ያስነቅፈዋል፤ በቃለ መጠይቅ ጊዜ «ይህን እንዴት ቈጠርኸው?» ተብሎ የተጠየቀ ዕለት መልስ ያጣልና።

3ኛ፤ የወረቀቱ መልክና ቅደም ተከተል

ወረቀቱ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ከላይ ስም፣ የሚኖርበት ከተማ፣ ስልክና ኢሜይል ይጻፋል። ከዚያ በታች በሦስት መስመር ሰውየው ምን መሥራት እንደሚችል ይገለጻል። ቀጥሎ የሚያውቃቸው መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች፣ ቀጥሎ የሥራ ታሪኩ ከቅርቡ ወደ ሩቁ፣ ቀጥሎ የምስክር ወረቀቶቹና ትምህርቱ ይከተላሉ። የተሸለመው ሜዳይ በአንድ መስመር በመጨረሻ ቢጠቀስ መልካም ነው፤ ሽልማቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ እንደ ሆነ ግን ከሥራው ጋር ይጻፍ። ስለ መሣሪያ አተኳኰስና ስለ ሰልፍ የተወሰደ ሥልጠና በዚህ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም።

አንድ ወረቀት አባዝቶ ለሃምሳ ቀጣሪ መላክ ብዙ ጊዜ የማይጠቅም ድካም ነው። አመልካቹ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ያንብብ፤ ነጋዴው በጻፈው ቃል የተጠየቀውን ሙያ፣ በእርግጥ ያለው እንደ ሆነ፣ በዚያው ቃል ይመልስ። ነጋዴው «የካርድ መክፈያ» ብሎ እንደ ሆነ አመልካቹም «የካርድ መክፈያ» ይበል። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ወረቀቱን አስቀድሞ የሚያጣራው ኮምፒዩተር ሊሆን ስለሚችል ይህ ጥንቃቄ የበለጠ ያስፈልጋል።

4ኛ፤ ማስረጃ

የተጻፈው ሁሉ ማስረጃ ቢኖረው ነጋዴውን ያሳርፈዋል። በአሜሪካ ዋናው የስንብት ማስረጃ «ዲዲ 214» የሚባለው ፎርም ነው፤ በዚህም ላይ ሰውየው ያገለገለበት ዘመን፣ ሙያውና፣ በረጅሙ ቅጂ ላይ፣ የተሰናበተበት ሁኔታ ይገኛል። ነገር ግን ይህ ፎርም የግል ምሥጢር የሆነ መለያ ቍጥር ስለሚይዝ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር ተያይዞ አይላክም፤ ሲጠየቅ ብቻ ይቀርባል። «ዲዲ 2586» የተባለው ደግሞ ሰውየው በአገልግሎት ዘመኑ ያገኘውን ሥልጠናና የሥራ ልምድ በሲቪል አነጋገር የሚዘረዝር ነው፤ የሥራ ታሪኩን ለሚጽፈው ሰው የዘነጋውን ያስታውሰዋል።

ከዚህ ሌላ በግል ድርጅቶች የሚሰጡ የሙያ ምስክር ወረቀቶች አሉ። የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር 2005 ባወጣው መመሪያ፣ የኮምፒዩተር ደኅንነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎቹ የታወቀ የሲቪል ምስክር ወረቀት እንዲይዙ አዘዘ፤ ይህም መመሪያ በፌብሩዋሪ 2023 በሌላ ተተክቷል። በዚህ ምክንያት ብዙ ወታደሮች ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት የሚሰጠውን «ሰኪዩሪቲ ፕላስ» የተባለ ምስክር ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባው፣ ይህ ወረቀት የሚጸናው ለሦስት ዓመት መሆኑንና ከዚያ በኋላ መታደስ እንዳለበት ነው። አመልካቹም የተሰጠበትንና የሚያበቃበትን ቀን ሳይደብቅ ይጻፍ።

5ኛ፤ ምሥጢርና እውነት

የኮምፒዩተር ሥራ የሠራ ወታደር ብዙውን ጊዜ የምሥጢር ፈቃድ የነበረው ሰው ነው። ይህን መጥቀስ ይጠቅመዋል፤ ታሪኩ ተመርምሮ የታመነ መሆኑን ያሳያልና። ሆኖም ሁለት ነገር ማወቅ ይገባል። አንደኛ፣ ፈቃዱ የሰውየው ንብረት ሳይሆን ለያዘው ሥራ የተሰጠ ነው፤ ሥራው ሲያበቃ ፈቃዱም አብሮት አይኖርም። ስለዚህ ነበረኝና አለኝ የሚሉት ቃላት መለየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረመ ሰው ግዴታው በስንብት አይቀርለትም። የመሣሪያው ዝርዝር፣ የምድቡ ቦታና የደኅንነቱ አሠራር በወረቀቱ ላይ መጻፍ የለባቸውም፤ የተጠራጠረ ሰው ወረቀቱን ከመላኩ በፊት የቀድሞ ክፍሉን የደኅንነት ሹም ይጠይቅ። ብልህ ነጋዴም በዚህ አይቀየምም፤ የቀድሞ ጌታውን ምሥጢር ለሥራ ብሎ የሚያወጣ ሰው ነገ የእርሱንም የዋጋ ዝርዝር ለተወዳዳሪ እንደሚያወጣ ያውቃልና።

ስለ እውነትም የሚነገር አለ። ወረቀት ሲያሳምሩ ያልሠሩትን ሥራ፣ ያላገኙትን ሽልማት መጨመር ያጓጓል። በአሜሪካ በ2013 በወጣ ሕግ፣ ገንዘብ ወይም ጥቅም ለማግኘት ብሎ ያልተሸለመውን የተወሰነ የጦር ሜዳይ ተሸልሜአለሁ የሚል ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ሕግ ባይኖርም እንኳ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደ ተባለ፣ ሰርቨሩ በቆመበት ዕለት የሐሰት ወረቀት ሥራውን አይሠራም።

6ኛ፤ የጐደለውን ማወቅ

ወታደር ቤት የማያስተምረው ነገር አለ። በዚያ የተሰበረ መሣሪያ ከግምጃ ቤት ይተካል፤ በንግድ ቤት ግን እያንዳንዱ ኬብል ከትርፍ ላይ የሚቀነስ ነው። በዚያ ለኔትወርኩ፣ ለሰርቨሩና ለደኅንነቱ የተለያየ ሰው አለ፤ በንግድ ቤት ሁሉም የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ ማተሚያው ቀለም ሲጨርስም የሚጠራው እርሱ ነው። በዚያ ትእዛዝ ይበቃል፤ እዚህ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ ደንበኛ ቆሞባት ሳለች በለዘብታና በቀላል ቃል ሊያስረዳት ይገባል።

አመልካቹ ይህን ማወቁን በወረቀቱ ላይ ያሳይ። አሮጌ መሣሪያ ጠግኖ ያዳነው ወጪ ቢኖር ይጻፈው፤ ኮምፒዩተር የማያውቁ ሰዎችን አስተምሮ እንደ ሆነም ይጥቀሰው። በካርድ ክፍያ የሚቀበል ነጋዴ ሁሉ የካርድ ኩባንያዎች በዲሴምበር 2004 መጀመሪያ ባወጡትና እየታደሰ በመጣው የደኅንነት ደንብ የሚገደድ በመሆኑ፣ ይህን ደንብ አስቀድሞ ያነበበ አመልካች ከሌሎች ይቀድማል። ደንቡ የሚጠይቀው፣ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱ መግቢያ ስም፣ የለቀቀውን ሰው ወዲያው መዝጋት፣ ፕሮግራሞችን ማደስ፣ ለወታደሩ እንግዳ አይደለምና መስመሩን በቀላሉ ያገናኘዋል።

7ኛ፤ የነጋዴው ድርሻ

እስከዚህ የተነገረው ለአመልካቹ ነው፤ ነጋዴውም የራሱ ድርሻ አለበት። ማስታወቂያ ሲያወጣ «ልምድ ያለው የአይቲ ባለሙያ» ብሎ ብቻ ከመጻፍ ይልቅ፣ ዐሥራ ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ ሰርቨርና አራት የካርድ መክፈያ እንዳለው፣ የሚፈልገውም የመዝገብ ጥበቃና የብልሽት ጥገና እንደ ሆነ ቢገልጽ፣ አመልካቹም የሚመልሰውን ያውቃል። ያልገባው ምልክት በወረቀት ላይ ሲያገኝም ከመጣል በፊት በአንድ የስልክ ጥሪ ይጠይቅ።

«ወታደር ትእዛዝ እንጂ ሐሳብ አያውቅም» የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያስቀርባል። ሌሊት ብቻውን ተረኛ ሆኖ የተቋረጠ መስመር የቀጠለ ሰው በራሱ መፍረድን ያልተማረ አይደለም። በአሜሪካም በ1994 በወጣው ሕግ፣ ሰው በጦር ሠራዊት ስላገለገለ ብቻ ሥራ መከልከል የተከለከለ መሆኑን በዚያ የሚነግዱ ሁሉ ማወቅ አለባቸው።

ወረቀቱ ያሰኘው ነጋዴ ሰውየውን ጠርቶ በሥራ ይፈትነው። ከሁሉ የሚሻለው ፈተና አጭር ነው፤ አንድ የማይጠቅም ፋይል ከኮምፒዩተር ላይ ጠፍቶ ከቅጂ እንዲመልሰው፣ ያደረገውንም ለገንዘብ ተቀባይዋ እንዲያስረዳት ማድረግ ነው። በዚያ አገር «ስኪልብሪጅ» በሚባለው ደንብ መሠረት፣ አዛዡ ከፈቀደለት ወታደሩ በአገልግሎቱ መጨረሻ እስከ 180 ቀን ድረስ ደመወዙን ከሠራዊቱ እያገኘ፣ በደንቡ በታቀፈ የሲቪል ድርጅት ውስጥ መሥራትና መማር ይችላል። ለነጋዴ ሰውን ከመቅጠር በፊት ለማየት መልካም አጋጣሚ ነው።

የታረመው ወረቀት

ሃምሳ አለቃው በአንድ የቀድሞ ባልደረባው ምክር ወረቀቱን አርሞ፣ በሜሪላንድ ለሚገኝ ለሌላ አስመጪ ላከው እንበል። መክፈቻው እንዲህ ይላል፦

«ስምንት ዓመት በአሜሪካ ምድር ጦር የኮምፒዩተር አገልግሎት ሠርቻለሁ፤ በመጨረሻው ሦስት ዓመት አምስት ባለሙያዎችን ተቈጣጥሬአለሁ። ከ500 በላይ ሰዎች የሚሠሩበትን መዝገብ ቅጂ በየሌሊቱ አስቀምጬ በየወሩ ፈትኛለሁ። በጥቂት መሣሪያ ብዙ ሥራ ማሠራትና ለማያውቀው ሰው በቀላል ቃል ማስረዳት ልማዴ ነው። አማርኛና እንግሊዝኛ እናገራለሁ፤ እጽፋለሁ።»

በዚህ መክፈቻ ላይ ማዕረግ አልተጠራም፤ ምልክትም የለም፤ ማዕረጉ በታች በቦታው ተጽፏል። አስመጪው ጠራው። በቃለ መጠይቁም ጊዜ፣ «ልጄ፣ ለዚህ ቤት መጀመሪያ የምትገዛው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው።

ሃምሳ አለቃውም፣ «ጋሼ፣ መጀመሪያ የምገዛው ነገር የለም። ያለዎትን ቈጥሬ በዝርዝር አቀርብልዎታለሁ፤ ከዚያም የመዝገቡ ቅጂ የት እንደሚቀመጥ አያለሁ» ሲል መለሰ።

ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህ መልስ ለምን እንዳስደሰተ ይገባዋል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት መቍጠር የንግድም የወታደር ቤትም ሕግ ነው፤ ሁለቱ ቤቶች ከሚታሰበው በላይ የሚቀራረቡ ናቸው።

ለአገር ቤት ነጋዴ

ይህ ትምህርት በኢትዮጵያ ላለው ነጋዴም የራቀ አይደለም። የገቢና የወጪ ንግድ ፈቃዶች ከ2020 ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት መስተናገድ ከጀመሩ ወዲህ፣ ኮምፒዩተሩ የቆመበት አስመጪ ፈቃዱም ዲክላራሲዮኑም ይጓተትበታል፤ ዕቃው በወደብ በቆየ ቍጥር ኪራዩ ይጨምራል። በመገናኛ ክፍል ሠርቶ የተሰናበተ የአገር ወታደርም ማመልከቻውን ይዞ ሲመጣ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ማዕረጉን፣ የክፍሉን ስምና የዘመቻውን ብዛት ነው። ከዚህ በላይ የተዘረዘሩት ምክሮች ለእርሱም እንዲሁ ይሠራሉ፤ የሚለያዩት የፎርሞቹ ስሞች ብቻ ናቸው።

በአጭሩ፣ አመልካቹ ማዕረጉን በሥራ ይተርጕም፤ ሥራውን በልክ ይጻፍ፤ ማስረጃውን ያዘጋጅ፤ ምሥጢሩን ይጠብቅ፤ ያልሠራውን አይጨምር፤ የነጋዴውንም ጭንቀት አስቀድሞ ይወቅ። ነጋዴውና ጸሓፊው ደግሞ ያልገባቸውን ምልክት የማይጠቅም ነው ብለው አይቍጠሩት። በግራ የተከመረውን ወረቀት ደግሞ ማንበብ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የአሌክሳንድሪያው ነጋዴ ግን ያንን አንድ ሰዓት ቈጥቦ፣ ቤቱን ሊጠብቅለት የሚችለውን ሰው ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ ሰጠ።